ዕቃ አስመላሽ ሽማግሌ

መቼም በሽማግሌ በኩል አንታማም። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ አለን፤ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ «አረፍ በሉ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማማ አንቀመጥም» ብለው ቆመው የሚሟገቱ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ አለን፤ የሁለቱንም አቤቱታ ሰምተው፣ አጥፊውን ገሥጸው፣ «በሉ ተነሡና ተሳሳሙ» የሚሉ። ነገሩ አልሆን ብሎ ፍቺ ከመጣም ንብረት የሚያካፍል ሽማግሌ አይጠፋም፤ እሱ ካቃተው ፍርድ ቤት አለ። ሽማግሌ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰማንያ ሳይፈራረሙ፣ ቤተሰብ ሳያውቅ፣ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት አንድ ቤት ኖረው የተለያዩ ሰዎች፣ አንደኛው ቤት የቀረውን ካውያ፣ ጋቢ፣ የትምህርት ማስረጃ በማን በኩል ያስመጡ? አጎታቸውን እንዳይልኩ፣ አጎትየው አብረው መኖራቸውን ራሱ አልሰሙም። «የት የቀረ ዕቃ ነው የማመጣልሽ?» ቢሉ ምን ይባላል?

ይህችን ክፍት የሥራ ቦታ ነው እንግዲህ እኔ የያዝኩት። ማስታወቂያ አልወጣባትም፤ ደሞዝም የላትም። ዕድሜዬ «ጋሼ» ለመባል ደርሷል፤ ከወጣቶች ጋር ቡና መጠጣት ስለምወድ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ አሮጌ ፒክአፕ አለው። መስፈርቱ በቃ ይኼው ነው። ባለፉት ዓመታት የስንት ሰው ደጅ ቆሜ «የልጅቱን ዕቃ ልወስድ ነበር» እንዳልኩ ቁጥሩን ተዉት። አንዳንዱን ላጫውታችሁ። ስም አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልነግራችሁም።

አንዷ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ብትሆን ያንሳታል እንጂ አይበዛባትም። ከልጁ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ኖረዋል። (ይህችን ስምንት ወር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።) የወጣችው በማታ ነው፤ ተጣልተው፣ ቦርሳዋንና ስልኳን ብቻ ይዛ፣ ጓደኛዋ ቤት። በሦስተኛው ሳምንት ግድም ጠረጴዛዬ ጋ መጣችና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው» ብላ ከአጀንዳዋ የተቀደደ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

ዝርዝሩን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። አንደኛ፣ የዲግሪ ዋናው ወረቀትና ትራንስክሪፕት፣ ጥቁር ፋይል ውስጥ ያለ። ሁለተኛ፣ የእናቴ ጋቢ። ሦስተኛ፣ ረከቦትና ጀበና፤ ሲኒው ዘጠኝ ነበር፣ ሦስቱን እሱ ሰብሯል። አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። አምስተኛ፣ በርበሬ፣ በቢጫ ባልዲ። ከሁሉም ሥር ደግሞ እንደ ማስታወሻ ነገር፣ ትንንሽ ፊደል ሆኖ፣ «ፍሪጅ (ከተቻለ)» ይላል።

ወረቀቱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁት። ከሁሉም ውዱ ፍሪጁ ነው፤ እሷ ግን ቅንፍ ውስጥ ከታዋለች። በርበሬዋ ከፍሪጁ በላይ ነች። «በርበሬዋን እንኳ ተዪለት ልጄ» ብላት ፊቷ ልውጥ አለ። «እናቴ አስፈጭታ የላከችውን? በእናቴ በርበሬ ወጥ እየሠራ ሌላ ሴት ሊጋብዝበት ነው እኮ ጋሼ!»

እንግዲህ በርበሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያውቅ ሰው ለዚህ መልስ የለውም። ዛላው ተለቅሞ፣ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ከበሶብላው ጋር ተደልዞ፣ እንደገና ደርቆ፣ ኮረሪማው ጥቁር አዝሙዱ ተቆልቶ ገብቶበት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ተይዞ… የአንዲት እናት የስንት ቀን ልፋት ነው። ደግሞ ያልነገረችኝን ቆይታ ነገረችኝ። እናትየው ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ልጃቸው ከሴት ጓደኛዋ ጋር ተጋርታ እንደምትኖር ነው የሚያውቁት። በርበሬውን ሲልኩ «ለሁለታችሁም ይበቃችኋል፣ ለጓደኛሽም አካፍያት» ብለዋል። ያቺ «ጓደኛ» እንግዲህ ጢም ያላት መሆኗ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከባለ ፒክአፑ ወዳጄ ጋር ሄድን። አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ። ልጁ በሩን ከፈተና «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» ብሎ ሻይ አፈላልን። የእኛ ሰው መቼም እንዲህ ነው፤ ተጣልቶም ሻይ ያፈላል። ዝርዝሩን ሰጠሁት። አነበበና ያለ አንዳች ክርክር ተነሣ። ምጣዱን አወጣ። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለለ (የእኔ ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣ መሆኑን አይቼ ዝም አልኩ)። ጋቢው ታጥቦ፣ ታጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ባልዲው ሲመጣ ከግማሽ በታች ሆኗል። «ዶሮ አልሠራሁበትም ይበሏት፤ እንቁላል ነው» አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ።

ፍሪጁ ላይ ስንደርስ ከመሳቢያ ደረሰኝ አወጣ። በስሙ ነው የተገዛው። የዲግሪው ወረቀት ላይ ስንደርስ ደግሞ ተቀመጠ።

«እሱን ራሷ መጥታ ትውሰድ።»

«ለምን?»

«እንድናወራ ነዋ ጋሼ። ስልክ አታነሳም።»

ልብ በሉልኝ፣ ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። ዓይኑን ላየው ሰው ያሳዝናል። ግን የያዘው ምን እንደሆነ እንየው። ልጅቱ ባንክ ሥራ ልታመለክት ነው፤ ዋናውን ወረቀት ለማመሳከር አቅርቡ ተብላለች፤ የቀራት አሥር ቀን ነው። የጠፋ ዲግሪ ለማስተካት የሚያስኬደውን ደጅ ጥናት ያየ ያውቀዋል። ልጁ ደግሞ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያንን ጥቁር ፋይል ይዞ የሚጠብቀው አንድ ተጨማሪ ወሬ ለማውራት ነው። ብዙ ሰው ይህን «ስለሚወዳት እኮ ነው» ይለዋል፤ የሴት ጓደኞቿ ሳይቀሩ እንዲያ ብለዋታል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ፍቅር አላውቀውም። ፍሪጅ ቢይዝባት ንብረት ያዘ እንላለን። ይህ የያዘው እንጀራዋን ነው፤ የመያዣውም ዋጋ የሷ ወደዚያ ቤት መመለስ ነው። እንዲያ ባለ ቤት ብቻዋን የሄደች ሴት ምን ሊገጥማት እንደሚችል ደግሞ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ይነገረው አልልም።

ያገኘነውን ይዘን ወረድን። በሩ ላይ ጥበቃው «የዕቃ መውጫ» አለ። ኮንዶሚኒየም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃ ከግቢ የሚወጣው የቤቱ ተከራይ ወይም ባለቤት በፈረመበት ወረቀት ነው። ሌባ ለመከላከል ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን ተከራይ ተብሎ የተመዘገበው ልጁ ነው። የራሷን ምጣድ ለማስወጣት የሱ ፊርማ ያስፈልጋል ማለት ነው። አራት ፎቅ ተመልሼ ወጣሁ። ልጁ ወረቀቱን ሞላና ፈረመ። ስወርድ አነበብኩት። «የዕቃው ባለቤት» በሚለው ቦታ ላይ «እህቴ» ብሎ ጽፏል። ጥበቃው አየና «እንዴ፣ እህቱ ነበረች እንዴ? እኛ ባለቤቱ መስላን» አለኝ። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር በዚያ በር ስትገባ ስትወጣ ያያት ሰውዬ ነው። መልስ አልሰጠሁትም፤ ደግነቱ ጫኝና አውራጆቹ መጡልኝና ለአንድ ምጣድና ለሦስት ፌስታል የማኅበር ክፍያ ካልከፈልክ ብለው ጭቅጭቁን ወደሌላ አዞሩት።

የዲግሪው ነገር እንዴት አለቀ ለምትሉኝ፣ ከመውጣቴ በፊት ልጁን አንድ ነገር ብዬው ነበር። «እስከ ረቡዕ ወረቀቱ ካልመጣ ሐሙስ እናትህ ጋ ሄጄ ቡና እጠጣለሁ።» እናቱን አውቃቸዋለሁ፤ የድሮ ሰፈራችን ሰው ናቸው። እሳቸውም ልጃቸው ከወንድ ጓደኛው ጋር እንደሚኖር ነው የሚያውቁት። «ሄደው ምን ሊሏት?» አለ። «አብራው የኖረችው ልጅ የትምህርት ማስረጃዋ ቀርቶባት ነው እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?» ማክሰኞ ጠዋት ጥቁሩ ፋይል መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጋ ተቀምጦ ተገኘ።

ይህ ማስፈራራት ነው ያለኝ ሰው አለ። እኔ ሽምግልና ነው እላለሁ። የጥንቱ ሽማግሌ በምላሱ ብቻ ይፈራ የነበረ ይመስላችኋል? ከኋላው ዘመድ አለ፣ ዕድር አለ፣ እርግማን አለ። እምቢ ያለ ሰው ነገ ቀባሪ ያጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ጥሎሽ ሲሰጥ በሰው ፊት ተቆጥሮ ነው፤ ቀሚሱ፣ ጥበቡ፣ አምባሩ እየተነሣ ይታያል። መተጫጨቱ ሲፈርስ «ምን ሰጠህ፣ ምን ተቀበልሽ» የሚለውን አገር ያውቀዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለመተጫጨት ቦታ ሰጥቶ፣ ሲፈርስ የሚሆነውን ይደነግግ ነበር። አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ያንን ትቶታል፤ ይተወው፣ ዘመኑም ትቶታል። የዛሬ ልጆች የሚሰጣጡትን ግን ያየ የለም። ሁለቱ ብቻ ናቸው ምስክሮቹ፤ እነሱ ደግሞ የተጣሉት ሁለቱ ናቸው። ያን የመሰለ የኑሮ ምስጢር ሲጠብቁ ቆይተው፣ ሲለያዩ ደርሶ የሚልኩት ሰው ያጣሉ።

አብረው ስለኖሩ ልወቅሳቸው አይደለም። ግማሹን አንድ ላይ ያኖረው ፍቅር ቢሆን ግማሹን የቤት ኪራይ ነው። «ለምን አትጋቡም?» ስትሏቸው የድንኳኑን፣ የሙሽራ ልብሱን፣ የቪዲዮውን ዋጋ እየጠሩ ዝም ያሰኟችኋል።

አሁን ወደ ፍሪጁና ወደዚያች ስምንት ወር እንምጣ። አንድ ጠበቃ ወዳጄን ጠየቅሁት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ እኛ አዲስ አበባዎችና ድሬዳዋዎች የምንዳኝበት (ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል)፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ሰዎችን አልረሳም። አንቀጽ 102 ላይ፣ እንዲህ ያለው ግንኙነት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከቆየ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው ይላል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የ1952ቱ ሕግ እንዲህ ያለው አብሮ መኖር የጋራ ንብረት አይፈጥርም ነበር የሚለው። ስንት ሴት ለስንት ዓመት ቤት አቅንታ ባዶ እጇን ወጥታለች በዚያ።

ልጅቷ ግን ሦስት ዓመት አልሞላትም። አራት ወር ጎደላት። ጠበቃው «እንግዲህ የኔ ነው ወይም ግማሹ የኔ ነው የምትለውን ዕቃ ራሷ ታስረዳ» አለኝ። በሰማንያ ቢጋቡ ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንቀጽ 63 በአንዱ ስም የተመዘገበውን እንኳ የግሌ ነው የሚለው ሰው ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይጀምራል፤ አንቀጽ 86 ደግሞ የግል መሆኑን ያስረዳ ሰው ያንኑ ዕቃ በዓይነቱ መልሶ እንዲወስድ ይፈቅዳል። እሷ ጋ ግን ያለው የልጁ ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ብቻ ነው።

ፍሪጁ የተገዛው በዕቁብ ነው። ዕቁቡ የልጁ መሥሪያ ቤት ዕቁብ ነው፤ በሱ ስም የገባ ነው፤ ግማሹን በየሳምንቱ የምትሰጠው እሷ ነበረች። እጅ በእጅ። ከዕቁብተኛው ማን ያውቃል? እኔም ወደ ዕቁቡ ዳኛ ሄድኩ። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ደብተራቸውን አወጡ። ልጁ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር በወጣባቸው ሳምንታት ገንዘቡን ይዛ የመጣችው እሷ መሆኗን ያስታውሳሉ፤ «በባለቤቱ እጅ» ብለውም ጽፈዋል። ይቺ «በባለቤቱ እጅ» የምትል መስመር እንግዲህ አብረው ስለመኖራቸው በዚህ ከተማ የተገኘች ብቸኛዋ ጽሑፍ ነች። ጥበቃው አፍ ላይ ባለቤቱ፣ ዕቁቡ ደብተር ላይ ባለቤቱ፣ በራሱ በልጁ ፊርማ ግን እህቱ። ልጁ ደብተሩን ሲያይ ብዙ አልተከራከረም። የፍሪጁን ግማሽ ዋጋ በሁለት ጊዜ ሊከፍላት ተስማማ። የመጀመሪያውን ከፍሏል። ሁለተኛውን እስከዛሬ እየጠበቅን ነው።

ወንዶች ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወንዱ ሲወጣ «ሁሉንም ለሷ ትቼላታለሁ» ብሎ ሸሚዙን ብቻ ይዞ ይወጣል። ጓደኞቹም ያደንቁታል። ይህ ደግነት ሳይሆን ኩራት መሆኑ የሚታወቀው በስድስተኛው ወር ነው፤ ክረምት ይገባና ብርድ ልብሱ፣ ቦት ጫማው፣ የቴሌቪዥኑ ስታቢላይዘር ትዝ ይለዋል። የዕድሜ እኩያዬ የሆነ አንድ ወዳጄ እንዲህ ወጥቶ የኋላ ኋላ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሟች አባቱን ካፖርት። ሄጄ ስጠይቅ ሴትየዋ «ውሰድ ስለው አልወሰደም፤ ክረምቱ ሲበረታ ለዘበኛችን ሰጠሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘበኛው ያንኑ ካፖርት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጅጌው ረዝሞበት ወደ ውስጥ ሰፍቶታል። ለወዳጄ ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ቁልፎቹ አሉ?» አለኝ። አሉ፤ አራቱም አሉ አልኩት። ሌላ አልጠየቀም።

ሦስተኛውን ማውራት ይከብደኛል። የጎረቤታችን እህት ናት። ቤይሩት አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ከመሄዷ በፊት የሚያውቃት አንድ ሰው ነበር፤ ስትመለስ ሊጋቡ ተስማምተዋል፤ እስከዚያው እሷ ትልካለች፣ እሱ ቤት ያደራጃል። ላከች። በየወሩ። ሶፋው፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ቴሌቪዥኑ ሲገዛ በስልክ ፎቶ ይላክላታል፤ እሷም የሰው ሳሎን እያጸዳች የራሷን ሳሎን ስታይ ከረመች። ስትመለስ ሳሎኑ አለ። ውስጡ ግን ሌላ ሚስትና አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ።

ከወንድሟ ጋር ሆነን ሄድን። በሩን የከፈተችልን ሚስትየው ነች። ምንም አታውቅም። የዘመድ እንግዳ መስለናት «ኧረ ግቡ» ብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችን፤ ቡና ልታፈላ ረከቦቷን ማቀራረብ ጀመረች። ባል ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ። ነገሩን እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ለዚያ ነው የተላክሁት። ሚስትየው ከተቀመጠችበት ሆና ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ቴሌቪዥኑን ተራ በተራ አየች። «ይሄም?» አለችው። «ይሄም?»

ሰውየው «ስጦታ ነው የሰጠችኝ» አለ። ያለው ይኼንኑ ነው። ወንድምየው በላስቲክ የታሰረ የሐዋላ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የአምስት ዓመት፣ የየወሩ። ደረሰኙ ማን እንደላከና ማን እንደተቀበለ ይናገራል። ለምን እንደተላከ ግን አይናገርም። ለቤት ዕቃ፣ ለአደራ፣ ለስጦታ የሚል ቦታ የለውም። ገንዘቡን በሚመለከት ጉዳዩ በሕግ ስለተያዘ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ልጅቷ ግን ስንሄድ ያዘዘችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አልጋቸውን ምን ላደርገው ነው? ሲንጀሬን ብቻ አምጡልኝ።» የልብስ ስፌት መኪናዋ ነው፤ ከመሄዷ በፊት በራሷ ገንዘብ መርካቶ የገዛችው፤ ስትመለስ ሥራ የምትጀምርበት። መኪናው ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ላዩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ግማሹ የተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም። ለካ ሚስትየዋ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም እየሰፋች ነው የልጇን ወተት የምትገዛው። ወንድምየው ይህን ሲያይ ወደኔ ዞረ። እኔም ምን እንደምል አላወቅሁም። ሽማግሌ ተብዬ እዚያ ስቀመጥ፣ አንዲት ሴት ላቧን የምትጠይቅበትን ዕቃ ከሌላዋ ሴት እጅ ልነጥቅ ነው። ባልየው አንገቱን ደፍቷል።

ሚስትየዋ ናት የተነሣችው። ጨርቁን ከመርፌው አላቅቃ፣ አጣጥፋ አልጋ ላይ አስቀመጠች። ከመሳቢያው የራሷን ክሮች ለቅማ አወጣች። ትርፍ መርፌዎቹንና የዘይት ማጠጫዋን በትንሽ ጣሳ አድርጋ ለወንድምየው ሰጠችው። «ቀበቶው ላልቷል፣ ትቀይረው በሏት» አለች። ቡናውን አልጠጣንም፤ እሷም አልለመነችንም።

ያቺ መኪና ዛሬ እየሠራች ነው። ባለቤቷ በየጊዜው «ያቺ ሴት ምን ሆና ይሆን?» ትለኛለች። እኔ አላውቅም። እዚያ ቤት ደግሜ አልሄድኩም።

ፎቶ ለማስመለስ የላከኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። ድሮ ፎቶና ደብዳቤ ነበር ዋናው ዕቃ። «ፎቶዬን መልስልኝ» ከተባለ ነገሩ ቁርጥ ሆኗል ማለት ነው፤ በፖስታ ታሽጎ በታናሽ እህት እጅ ይመለሳል፤ የከፋው ደግሞ መሐል ለመሐል ቀዶ የራሱን ጎን ያስቀራል። ዛሬ ፎቶው ስልክ ውስጥ ነው። ብትመልሰውም አልመለስከውም። «አጥፍቻለሁ» ቢልህ በምን ታየዋለህ? ልጃገረዶቹ ሌሊት የሚያስጨንቃቸው ይኼው ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ፒክአፕ ይዤ ምን ላደርግ?

ሰሞኑን የተሰጠኝ ሥራ ቀለል ይላል። ሁለቱም ልጆች የማውቃቸው ናቸው፤ ሁለቱም በየፊናቸው ደወሉልኝ። እሷ የምትፈልገው የእንጀራ መሶቧን፣ አንድ ሻንጣና የክትባት ካርድ ነው፤ ካርዱ የድመቷ ነው። እሱ ደግሞ ሁለት መጽሐፍና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይፈልጋል። ጃንጥላው የኔ ነው ትላለች። ድመቷን ማን እንደሚይዝ ግን አንዳቸውም አላነሡልኝም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።